ስፖይለርን መሸሽ ልጅነት አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በአኒሜ (በጃፓን አኒሜሽን) ወዳጆች መካከል ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ዴመን ስሌየር ኢንፊኒቲ ካስል ስለተባለው አኒሜ ነው። ታሪኩ በሦስት ፊልም እንደሚያልቅ ተነግሮናል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2025 ወጥቶ ዓለምን አዳርሷል። አሁን ሁላችንም የምንጠብቀው ሁለተኛውን ነው። ጸሐፊው ይህን ጉጉት አይተው ተበሳጭተዋል። “ስፖይል አታድርጉን”፣ ማለትም ታሪኩን ሳናየው ቀድማችሁ አትንገሩን፣ የሚለው ልመናችን ልጅነት ነው ይላሉ።

ምክንያቶቻቸው እነዚህ ናቸው። ታሪኩ በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ታትሞ ስላለቀ የሚበላሽ ነገር የለም። መጨረሻውን ቀድሞ ማወቅ ደስታ እንደሚጨምር በጥናት ተረጋግጧል። ጉጉቱ ራሱ ኩባንያዎች የፈጠሩት ነው። የፈራ ሰው ኢንተርኔቱን ይዝጋ። ሌላውን ዝም በል ማለት ደግሞ ውይይትን መግደል ነው።

ጽሑፉ ታስቦበት የተጻፈ ነው። መልስ የሚገባውም ለዚህ ነው። ብዙ ወጣቶች እየተቀባበሉት ስለሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባም። ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ነገር ላረጋግጥላችሁ። እዚህ ውስጥ ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚያሸንፍ አልጽፍም። ያላያችሁ ሳትሰጉ አንብቡ።

ዋናው ክርክራቸው የማንጋው ነገር ነው። ታሪኩ ታትሞ ማለቁ እውነት ነው። የኮዮሃሩ ጎቶጌ ማንጋ በሳምንታዊው መጽሔት ሾነን ጃምፕ ላይ ከፌብሩዋሪ 2016 እስከ ሜይ 2020 ወጥቶ በ205 ምዕራፍ ተቋጭቷል። በ23 ቅጽ ተሰብስቦም ይሸጣል። መጨረሻውን ማወቅ የፈለገ ዛሬውኑ ማወቅ ይችላል።

“የፈለገ” ነው ያልኩት። ማንጋውን ያነበበ ሰው መርጦ አንብቧል። ገጹን የገለጠው ራሱ ነው። በራሱ ሰዓት፣ በራሱ ፍጥነት፣ ከዚያ በፊት ያሉትን ምዕራፎች ሁሉ አልፎ እዚያ ደርሷል። አንድ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ሲወድቅ ያለቀሰው እስከዚያ ድረስ አብሮት ስለተጓዘ ነው። ቲክቶክ ላይ በጥቂት ሰከንድ ቪዲዮ ያንኑ ሞት ያየው ሰው ግን የደረሰው መርዶው ብቻ ነው። ለቅሶውም፣ ትዝታውም፣ መንገዱም ቀርቶበታል። ታዲያ እነዚህን ሁለት ሰዎች እንዴት እኩል አወቁ እንላለን?

ብዙዎቻችን ደግሞ ወደዚህ ታሪክ የገባነው በማንጋው በር አይደለም። የያዘን በ2019 የተጀመረው ተከታታይ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ታንጂሮ እህቱን ኔዙኮን በጀርባው አዝሎ በበረዶው ውስጥ ሲታገል ያየነው በስቱዲዮ ዩፎቴብል ሥዕል ነው። የውሃው ሰይፍ ሲሳብ የሰማነው ድምፅ፣ ከዚያ በፊት የሚመጣው ዝምታ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የመጣው። ለእኛ ታሪኩ ገና አላለቀም። ሌላ ቦታ ታትሞ ማለቁ ይህን አይለውጠውም።

ጸሐፊው የዘለሉት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ፊልም የማንጋ ፎቶ ኮፒ አይደለም። ኢንፊኒቲ ካስል የተባለውን ቦታ ብቻ ውሰዱ። ማንጋው ላይ ጥቁርና ነጭ፣ የቆመ ሥዕል ነው። ፊልሙ ላይ ሕንፃው ራሱ ሕይወት አለው። ክፍሎች ይገለበጣሉ። ወለል የነበረው ጣሪያ ይሆናል። የቢዋዋ (የጃፓን ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ) ክር በተመታ ቁጥር ቦታው ይለዋወጣል፤ የቆመው ሰው እግሩ ሥር መሬት ያጣል። በዚያ ላይ የዩኪ ካጂዩራና የጎ ሺና ሙዚቃ አለ። የመጀመሪያው ፊልም 155 ደቂቃ ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች የሚደርስባችሁን ነገር ማንጋው ላይ ማንም አላነበበም፤ ሊያነበውም አይችልም። ስለዚህ ሲኒማ ውስጥ በስልክ ተሰርቆ የተቀረጸ ቅንጭብ ማንጋውን በቃሉ ለሚያውቀውም ስፖይለር ነው።

ጸሐፊው ሙገን ትሬይንን፣ የዚሁ የዴመን ስሌየርን ቀደም ያለ ፊልም፣ በምስክርነት ጠርተዋል። ታሪኩ ማንጋው ላይ የወጣው በ2017 ነው። ፊልሙ ጃፓን ውስጥ የወጣው ኦክቶበር 16 ቀን 2020 ነው። በአገሩ ብቻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ስፒሪትድ አዌይ የተባለው ፊልም ከ2001 ጀምሮ ይዞት የቆየውን ክብረ ወሰን ሰበረ። እሳቸው ከዚህ ተነስተው፣ ሰው መጨረሻውን እያወቀ ይገባል፣ ስለዚህ ማወቅ አይጎዳም ይላሉ። እኔ ከዚሁ ቁጥር የማየው ሌላ ነው። ማንጋውን ያነበቡት ሲኒማ የሄዱት ገና ያላዩት ነገር እንደቀረ ስለሚያውቁ ነው። ያላነበቡት የሄዱት ደግሞ ጨርሶ ስላላወቁ ነው። ስፖይለር ከሁለቱም ይነጥቃል።

ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ግን ስላም ደንክ የተባለው የቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። ጸሐፊው ስሙን እንኳ አለማንሳታቸው ይገርመኛል። የስላም ደንክ ማንጋ ያለቀው በ1996 ነው። ከ100 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ ሥራ ነው። በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ ያደገ ልጅ የዚያን የቅርጫት ኳስ ቡድን ልጆች እንደ ጎረቤቶቹ ያውቃቸዋል። የማንጋው ደራሲ ታኬሂኮ ኢኖዌ ራሳቸው ዳይሬክተር ሆነው ፊልሙን ዲሴምበር 3 ቀን 2022 አወጡት። ምን እንደሚተርክ ግን አስቀድመው አልተናገሩም። ሕዝቡ ሲኒማ ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ የትኛውን ጨዋታ እንደሚያይ በይፋ አልተነገረውም።

ገብቶ ያየው ነገር ልቡን ነካው። ውጤቱን በቃሉ የሚያውቀውን ጨዋታ እንደ አዲስ አየው፤ ምክንያቱም ታሪኩ የተነገረው በሌላ ሰው ዓይን ነበር። በማን ዓይን እንደሆነ አልነግራችሁም። ያላያችሁት አላችሁ። እንዲህ እንደምሳሳለት ብቻ እወቁ። ማንጋው ካለቀ ከ26 ዓመት በኋላ እንኳ የሚደበቅ፣ ሲገለጥም የሚያስለቅስ ነገር ነበረ። “ታትሞ አልቋል” የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል።

ወደ ጥናቱ ልለፍ። ጸሐፊው የጠቀሱት የ2011 ሥራ በእውነት አለ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንዲዬጎ፣ ጆናታን ሊቪትና ኒኮላስ ክሪስተንፌልድ የሠሩት ነው። 12 አጫጭር ልቦለዶችን ለተማሪዎች ሰጡ። የአጋታ ክሪስቲና የቼኾቭ ታሪኮችም ነበሩበት። መጨረሻው አስቀድሞ የተነገራቸው አንባቢዎች በአማካይ ታሪኩን የበለጠ ወደዱት። ጸሐፊው ይህን ይዘው ነገሩን ዘግተዋል።

ግን ማን ምን አነበበ? ተማሪዎቹ ያነበቡት በአንድ ቁጭታ የሚያልቅ፣ ከዚያ ቀን በፊት የማያውቁት ልቦለድ ነው። ገጸ ባሕርያቱን ለዓመታት አልተከተሉም። ከጓደኛ ጋር ሌሊት ቁጭ ብለው “ይሄ ልጅ ይተርፍ ይሆን?” አልተባባሉም። ቀን አልቆጠሩም። ያልጠበቁት ነገር ቢነገራቸው የሚቀርባቸው ትንሽ ነው። የእኛ ጉዳይ እኮ ጥበቃው ነው።

ሌላም አለ። በ2015 ቤንጃሚን ጆንሰንና ጁዲት ሮዘንባም ያወጡት ጥናት ተቃራኒውን አገኘ። መጨረሻቸው የተነገረ ታሪኮች የአንባቢውን ስሜት ያን ያህል አልነኩም፤ ያን ያህልም አልተደሰተባቸውም። ይህን ጥናት ጸሐፊው አላነሱትም። እኔም በአንድ ጥናት ሌላውን መደምሰስ አልፈልግም። ጉዳዩ ገና አከራካሪ ነው፤ ይህን ለአንባቢ መንገር ግን ተገቢ ነበር።

ይሁን፣ የ2011ዱ ጥናት መቶ በመቶ ትክክል ነው እንበል። አብዛኛው ሰው መጨረሻውን ሲያውቅ የበለጠ ይደሰታል እንበል። ከዚህ ተነስቶ ለማያውቀው ሰው ያለ ፈቃዱ መናገር ይቻላል ማለት ከየት ይመጣል? በልጅነታችን እንቆቅልሽ ስንጫወት መልሱን የሚያውቀው ልጅ ዝም ብሎ አይዘረግፈውም። ጠያቂው “እንቆቅልህ” ይላል፣ ተጠያቂው “ምን አውቅልህ” ይላል። ይሞክራል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ይሞክራል። ሲያቅተው ነው “አገር ስጠኝ” የሚባለው። ወሎን ወይ ጎጃምን ሰጥቶ እጁን ሲያነሳ ነው መልሱ የሚነገረው። መልሱ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው ተጠያቂው ነው። ከጎን ሆኖ መልሱን ያሾለከ ልጅ ከጨዋታው ይባረር ነበር። ማንም ያንን ልጅነት አላለውም።

ሦስተኛው ነጥባቸው ላይ ግማሽ መንገድ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ኩባንያዎች ጉጉታችንን ይሸጡታል። ሙገን ትሬይን ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ 4.5 ሚሊዮን ተመልካቾች ልዩ የማንጋ ቅጽ በነጻ ታድሏል። ጃፓን ውስጥ በየሳምንቱ የሚቀያየር ስጦታ እየሰጡ አንድን ሰው ደጋግሞ ማስገባት የተለመደ ነው። ፊልሙን በሦስት መክፈልም ገንዘብ አለበት። ይህን ማንሳታቸው መልካም ነው።

ጉጉቱን ግን ማስታወቂያው ፈጠረው የሚለው አያስኬድም። ጁላይ 14 ቀን 2023 የዳይሬክተሩ የሃያኦ ሚያዛኪ ፊልም ዘ ቦይ ኤንድ ዘ ሄረን ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ትሬይለር አልነበረውም። የታሪክ ማጠቃለያ አልነበረውም። ድምፅ የሰጡት ተዋንያን ስም እንኳ አልተገለጸም። የነበረው አንድ የወፍ ሥዕል ያለበት ፖስተር ብቻ ነው። ውሳኔው የፕሮዲዩሰሩ የቶሺዮ ሱዙኪ ነበር። መረጃ በሞላበት በዚህ ዘመን ተመልካቹ በልቡ የሚመኘው ሳያውቅ መግባትን ነው ብለው አስበው ነበር። ሰውም ገባ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብቻ ከ1 ቢሊዮን የን በላይ ተሸጠ። በማርች 2024 ደግሞ ኦስካር ወሰደ።

እስቲ አስቡት። ምንም ሳይነገረው ሲኒማውን የሞላው ሕዝብ ጉጉቱን ከየት አመጣው? ከማስታወቂያ አይደለም። ከቀደሙት ፊልሞች ነው። ልጅ ሳለ ካየውና ካልረሳው ነገር ነው። እዚያ የተሸጠው አለማወቅ ነበር፤ ሰውም ደስ ብሎት ገዛው።

ኢቫንጌሊየን የተባለው አኒሜም እንዲሁ ነው። ተከታታዩ በ1995 ተጀመረ። የፊልሞቹ ሦስተኛ ክፍል በ2012 ወጣ። የመጨረሻው ለጁን 2020 ተቀጥሮ በወረርሽኙ ምክንያት ተላለፈ። ለጃንዋሪ 2021 ተባለ፣ እንደገና ተላለፈ። በመጨረሻ ማርች 8 ቀን 2021 ወጣ፤ ቀኑ ሰኞ ነበር። ተማሪ ሆነው የጀመሩት ሰዎች ልጆች ወልደው ነው መጨረሻውን ያዩት። ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀን ሰው በማስታወቂያ የተታለለ ማለት አይገባም። ሰውየው የወደደውን ነገር መሰናበት ፈልጎ ነው የጠበቀው። ስንብቱን ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲያደርግለት አይፈልግም።

“የፈራ ኢንተርኔት ይዝጋ” የሚለው ደግሞ በጣም ያሳዘነኝ ነው። ምክሩ ቀላል የሚመስለው ፊልሙ በሁሉም አገር በአንድ ቀን ቢወጣ ነበር። የመጀመሪያው ኢንፊኒቲ ካስል ጃፓን ውስጥ የወጣው ጁላይ 18 ቀን 2025 ነው። አሜሪካ የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። ስምንት ሳምንት! ዋሽንግተንና አካባቢዋ ላሉ ልጆቻችን በእንቁጣጣሽ ማግስት፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 2018 መሆኑ ነው። በዓሉን ከቤተሰብ ጋር ውሎ በማግስቱ ከጓደኛ ጋር ሲኒማ ለመግባት የቀጠረ ልጅ፣ ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ ስልኩን ሊዘጋ ነው? የመጨረሻው ኢቫንጌሊየንማ ከጃፓን ውጭ ለሚኖረው የደረሰው በኦገስት 2021፣ ከአምስት ወር በኋላ ነው። አምስት ወር ሙሉ ከሰው ተለይቶ ይኑር?

ፊልሙ በከተማው መቼ እንደሚታይ ምንም ቀን ያልተቆረጠለት ሰው ደግሞ አለ። ትኬት የሚከፍለው ያጣ አለ። ሌሎች አይተው ሲጨርሱ የሚጀምር ብዙ ነው። ዘግይቶ ማየት ጥፋቱ አይደለም። መጀመሪያ የማየት ዕድል የደረሰው ሰው ለሌላው ትንሽ ቢያስብለት ምን ይጎድልበታል?

በዚያ ላይ ስፖይለር ዛሬ ፈልገውት የሚገኝ ነገር አይደለም። ራሱ ነው የሚመጣው። የቲክቶክና የዩቲዩብ አሠራር እንዲህ ነው፤ አንድን ነገር በወደድክና ባየህ ቁጥር ያንኑ አብዝቶ ያመጣልሃል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመታው ያን ታሪክ ከሁሉ አብልጦ የወደደው ሰው ነው። ግድ የሌለው ሰው ስልኩ ላይ ምንም አይመጣበትም። እኔ የመጀመሪያው ፊልም ትልቁ ትዕይንት የደረሰኝ በሥራ ግሩፕ ውስጥ ነው። የስብሰባ ሰዓት ላይ ከፍቼ ምስሉ ድቅን አለ። ማንን ልሸሽ? ሥራዬን?

የቀረው የውይይት ነገር ነው። ጸሐፊው ዝም በሉ ተባልን ብለዋል። ዝም በሉ ያለ የለም። ሸፍናችሁ አውሩ ነው የተባለው። ቴሌግራም ላይ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ጽሑፍን መርጦ በስፖይለር መሸፈን ይቻላል። ማየት የፈለገ ይነካዋል፣ ያልፈለገ ያልፈዋል። ፎቶና ቪዲዮም እንዲሁ ይሸፈናል። የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። ወይም ላዩት ብቻ የሚሆን ሌላ ግሩፕ ይከፈታል። እንዲያውም እዚያ ያለው ውይይት የበለጠ ይጥማል፤ ሁሉም አይቶ ስለመጣ ማንም አይሰጋም።

ደግሞም ሁሉም ነገር ውይይት አይደለም። ሲኒማ ውስጥ ስልክ አውጥቶ ትዕይንቱን ቀርጾ በማግስቱ የሚለጥፍ ሰው እየተወያየ አይደለም። ተመልካች እየለቀመ ነው። ጃፓን ይህን በቸልታ አላየችውም። በ2007 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ሲኒማ ውስጥ ፊልም መቅረጽ እስከ 10 ዓመት እስራት ወይም እስከ 10 ሚሊዮን የን ቅጣት ያስከትላል። ፊልሞችን በአሥር ደቂቃ ጨምቀው መጨረሻቸውን ጭምር ዩቲዩብ ላይ ሲለጥፉ የነበሩ ሰዎች በ2021 ታስረዋል። በኖቬምበር 2022 ደግሞ የቶኪዮ ፍርድ ቤት ከእነዚህ ሰዎች ሁለቱ 500 ሚሊዮን የን እንዲከፍሉ ወስኗል። ሕጉ የሚጠብቀው የሥራውን ባለቤቶች መብት ነው፤ የእኛን ስሜት አይደለም። ቢሆንም ነገሩ ማንንም አይጎዳም ለሚለው አባባል በቂ መልስ ነው።

ጸሐፊው ትክክል የሆኑበትን ልንገራቸው። ከእኛ ወገን የሚሳደቡ አሉ። ሳያውቅ አንድ ቃል ያመለጠውን ሰው በስድብ የሚያዋርዱ፣ የሚያስፈራሩ አሉ። ያ ነውር ነው። ደግሞ ፊልሙ ወጥቶ፣ ቤት ድረስ ገብቶ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላም ዓለም ሁሉ ዝም እንዲል መጠበቅ አይቻልም። ለእኔ ልኩ ይህ ነው፦ ፊልሙ በሕጋዊ መንገድ ቤት ሆኖ ማየት እስኪቻል ድረስ ይሸፈን። ከዚያ በኋላ ያላየ ሰው ራሱን ይጠብቅ። ርዕስ ላይና በቪዲዮ ፊት ምስል ላይ ግን ያኔም ባይወጣ ደስ ይለኛል፤ እሱን ሳይከፍቱትም ያዩታልና።

ጸሐፊውን አንድ ነገር ልለምናቸው። ጽሑፋቸው አጋማሽ ላይ፣ ማንጋው የታወቀ መሆኑን ለማሳየት ብለው፣ በቀጣዮቹ ፊልሞች ማን ማን እንደሚሞት በአንድ መስመር ዘርዝረዋል። ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም። ያንን መስመር ያነበቡ ልጆች እንዳዘኑ አስተያየታቸው ላይ አይቻለሁ። ክርክራቸው ያለዚያ መስመር ይቆማል። እባክዎ ያውጡት፣ ወይም ይሸፍኑት። ጽሑፉ አሁንም እየዞረ ነው።